ጀርመኖች «ኦስተን» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? የቃሉ አመጣጥና ትርጉሞቹ

ነርሷ_ከድሬስደን

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬስደን ውስጥ የነርስነት አውስቢልዱንግ (የሙያ ሥልጠና) ላይ ነኝ። ጀርመንኛዬ ለሥራ ይበቃኛል፤ አንድ ቃል ግን እስካሁን በደንብ አልገባኝም። «ኦስተን»። መዝገበ ቃላቱ «ምሥራቅ» ይላል፣ አለቀ። የሥራ ባልደረቦቼ ሲናገሩት ግን ሌላ ነገር ነው። የክፍላችን አንጋፋ ነርስ «እኛ ኦስተን ውስጥ ልጆቻችንን ማቆያ አስገብተን ወዲያው ወደ ሥራ እንመለስ ነበር» ትላለች፤ ስትናገር ፊቷ ይበራል። ከሽቱትጋርት የመጣችው ወጣት ሐኪም ያንኑ ቃል ስታነሳ ደግሞ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። በቀደም አንድ ታካሚ «እዚህ ኦስተን...» ብዬ ስጀምር አቋረጡኝና «ይሄ ዛክሰን ነው፣ ልጄ» አሉኝ፤ ድሬስደን ያለችበትን ክልል ማለታቸው ነው።

ቃሉ ከየት መጣ? ኦስትሪያ፣ ኦስተርን (ፋሲካ)፣ ኦስትዜ (ባልቲክ ባሕር) የሚሉት ሁሉ ከዚሁ የወጡ ናቸው ወይስ ድምፃቸው ገጥሞ ነው? ደግሞስ የአቅጣጫ ስም ሰውን የሚያስከፋው እንዴት ሆኖ ነው? የምታውቁ አስረዱኝ።

ሥርወ_ቃል

ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። ከሥሩ ልጀምርልሽ።

«ኦስተን» መነሻው ንጋት ነው። አብዛኞቹ የአውሮፓና የሰሜን ሕንድ ቋንቋዎች ከአንድ ጥንታዊ ቋንቋ እንደወጡ ይታወቃል። በዚያ ቋንቋ ጎሕ መቅደድን፣ ማብራትን የሚገልጽ ሥር ነበር። በላቲን «አውሮራ»፣ በግሪክ «ኤኦስ»፣ በሳንስክሪት «ኡሻስ» ሆነ። ሦስቱም የንጋት አማልክት ስሞች ናቸው። ጀርመናዊዎቹ ሕዝቦች ግን ሥሩን ለአቅጣጫ አዋሉት፤ ጎሕ የሚቀድበት ወገን ማለት ነው። በጥንቱ ጀርመንኛ «ኦስታር» ወደ ምሥራቅ፣ «ኦስታና» ከምሥራቅ ማለት ነበር። የዛሬው «ኦስተን» የዚህ ቤተሰብ ልጅ ነው።

እኛ ዘንድም ነገሩ ያው ነው። ምሥራቅ «ሠረቀ» ከሚለው ግእዝ ይመጣል፤ ወጣ ማለት ነው፣ ለፀሐይ ሲነገር። ስለዚህ ምሥራቅ መውጫ ነው። ላቲኑ «ኦሪየንስ» እንዲሁ የምትወጣው ፀሐይ ነው። ጀርመኖች አቅጣጫ ያዘ ለማለት «ኦሪየንቲረን» የሚሉትም ከዚያ ወስደው ነው። ቃሉን ብትፈቺው ምሥራቅን ማግኘት ይሆናል።

ይህ የቃል ጨዋታ ብቻ አይምሰልሽ። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ካርታ ሲሣል ከላይ የሚቀመጠው ምሥራቅ ነበር። ሰሜን ጀርመን ኤብስቶርፍ ገዳም ውስጥ የተገኘው ትልቅ የዓለም ካርታ ወርድና ቁመቱ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ነበር። ዓለም ክብ ሆና ተሥላለች፣ መካከሏ ላይ ኢየሩሳሌም አለች። ክርስቶስ ዓለምን እንደ ገላው ይዟታል፤ ራሱ ከላይ በምሥራቅ፣ ቀኝ እጁ በሰሜን፣ ግራ እጁ በደቡብ፣ እግሮቹ ከታች በምዕራብ። ዋናው ካርታ 1943 ላይ ሃኖቨር በቦምብ ስትደበደብ ተቃጠለ። ዛሬ የምናየው ቅጂውን ነው። (ዓመተ ምሕረቶቼ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ነገር ልጨምር። የፍራንኮቹን ንጉሥ የካርል ታላቁን ታሪክ የጻፈው አይንሃርድ እንደሚለው፣ ንጉሡ ለነፋሳት በገዛ ቋንቋው ስም አወጣ። ከዚያ በፊት ሕዝቡ የነበረው የነፋስ ስም ከአራት አይበልጥም። ካርል አሥራ ሁለት አደረጋቸው። የምሥራቁ ነፋስ «ኦስትሮኒዊንት» ተባለ። ቀጥሎ «ኦስትሱንድሮኒ»፣ ከዚያ «ሱንድኦስትሮኒ»። አቅጣጫን በአቅጣጫ ላይ የመደረብ ልማድ ያኔም እንደነበረ እዪ። ዛሬ «ዙድኦስት» (ደቡብ ምሥራቅ) የምትዪው የዚያ ዘር ነው።

ጠገራ_ብር

የኦስትሪያን ጉዳይ እኔ ልመልስ።

አዎ፣ ከዚሁ ነው። ጀርመኖች አገሪቱን «ኧስተራይሽ» ይሏታል። የምሥራቅ ግዛት ማለት ነው። ምሥራቅ ከማን? ከባቫሪያ። ስሙ መጀመሪያ ተጽፎ የተገኘው በ996 በንጉሥ ኦቶ ሦስተኛ የርስት ሰነድ ላይ ነው። ንጉሡ ኖይሆፈን በሚባል ስፍራ ያለ መሬት ለፍራይዚንግ ጳጳስ ይሰጣል፤ ሰነዱ ላይ አገሩ በሕዝቡ አፍ «ኦስታሪኪ» እንደሚባል ተጽፏል። ኦስትሪያ በ1996 የስሟን ሺህኛ ዓመት ያከበረችው ይህን ወረቀት ይዛ ነው።

ከእኛ ጋር የሚያገናኘውን ደግሞ ስሙ። ቤታችሁ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ካለ፣ ከሴት አያት የቀረ ወይም ከአንገት ጌጥ ላይ የተንጠለጠለ፣ አውጡና የንስሩን ወገን እዩ። ሁለት ራስ ያለው ንስር አለ። ዙሪያውን ጽሕፈት ይዞራል። «አርኪድ» የሚል ታያላችሁ፣ ቀጥሎ አራት የላቲን ፊደላት፤ ኤ፣ ቪ፣ ኤስ፣ ቲ። ቪዋ እንደ ኡ ትነበባለች፣ «አውስት» ይላል። የኦስትሪያ ማለት ነው፤ ባለማዕረጓ የኦስትሪያ አርክዱቼስ ናት። ዓመቱ 1780 ነው፣ ንግሥቲቱ ያረፈችበት። ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ቀጠለ። እንግዲህ ይህ የጀርመን «ምሥራቅ» በላቲን ልብስ ለብሶ፣ በጎንደርና በሸዋ ገበያ ሲገበያዩበት ኖሯል። ፊደሉን ያነበበው ጥቂት ሰው ነው፤ ብሩን ግን ያልያዘ አልነበረም።

ቢጫ_ታክሲ

እሺ፣ ኦስትሪያ ምሥራቅ ከሆነች አውስትራሊያስ? እሷ ደቡብ አይደለችም እንዴ?

ሥርወ_ቃል

@ቢጫ_ታክሲ ጥያቄህ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው የወደቀው።

አውስትራሊያ ከላቲኑ «አውስተር» የመጣች ናት። አውስተር የደቡብ ነፋስ፣ ከዚያም ራሱ ደቡብ ነው። ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ግን «አውስተር»ንና «ኦስተን»ን ከአንድ ሥር ያወጧቸዋል፤ ሁለቱም ከንጋት። ጀርመኖቹ ዘንድ ምሥራቅ ሆኖ ቀረ፣ ሮማውያን ዘንድ ወደ ደቡብ ዞረ። የዞረበትን ምክንያት በተመለከተ የተለያየ አስተያየት አለ። አንዱ የጣሊያንን መልክዓ ምድር ያነሳል፤ አገሩ ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተጋድሞ የተዘረጋ ስለሆነ ወደ ታች መሄድና ወደ ምሥራቅ መሄድ ይቀላቀላል።

ስለዚህ ኦስትሪያና አውስትራሊያ ሰው በየቀኑ የሚያምታታቸው በድምፅ ነው። ከሥራቸው ግን ሩቅ ዘመዳሞች ናቸው።

የሰንበት_ተማሪ

ስለ ፋሲካው አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ኢንተርኔቱ ብዙ ያልተጣራ ነገር ያወራል።

ዓለም አብዛኛው ይህን በዓል የሚጠራው ከዕብራይስጡ «ፔሳሕ» በወጣ ስም ነው። እኛ ፋሲካ ያልነው በግሪኩ በኩል ነው። ፈረንሳዮች፣ ጣሊያኖች፣ ሆላንዶች፣ ስዊድኖች ሁሉ ከዚያው ቀድተዋል። በሰሜን ጀርመን የገጠር አነጋገርም «ፓሽን» የሚል አለ። ጀርመንኛና እንግሊዝኛ ግን ወጣ ብለው «ኦስተርን»፣ «ኢስተር» አሉ።

ለምን? እንግሊዛዊው መነኩሴ ቤዳ በ725 ገደማ በጻፈው የዘመን አቆጣጠር መጽሐፉ፣ ፋሲካ የሚውልበት ወር «ኤኦስትሬ» በምትባል ጣዖት ስም ይጠራ ነበር ይላል። የጻፈው ይህችን አጭር ማስታወሻ ብቻ ነው። ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ፣ በ1835፣ ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ያኮብ ግሪም ይህን ይዞ ጀርመኖችም «ኦስታራ» የምትባል አምላክ ነበረቻቸው ብሎ ገመተ። ልብ በሉ፣ ገመተ ነው። ዛሬ ስለ እንቁላልና ስለ ጥንቸል በየገጹ የሚነገረው ሁሉ የተቆለለው በዚህ ግምት ላይ ነው።

በ1958 በኮሎኝ አቅራቢያ ሞርከን-ሃርፍ ላይ ከመቶ ሃምሳ በላይ የሮማውያን ዘመን የድንጋይ ጽሑፎች ተገኙ። «አውስትሪያሄነ» ለሚባሉ እናቶች፣ ማለትም ለአካባቢ አማልክት የቆሙ ናቸው። ስሙ የምሥራቅ ሥር አለው። ይህ ለቤዳ ድጋፍ የሚሆን ይመስላል የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው ይላሉ፤ የትንሣኤ ሌሊት የሚያበቃው በንጋት ነው፣ ስሙም ከንጋት ነው። ለእኔ የሁለተኛው ሚዛን ይደፋል። ሴቶቹ ወደ መቃብሩ የሄዱት ማለዳ ነው።

ሉተርም በ1522 አዲስ ኪዳንን ሲተረጉም ሰብአ ሰገል የመጡበትን አገር «ሞርገንላንት» አለው። የንጋት አገር ማለት ነው። ቃሉ ከዚያ ወዲህ ነው ጀርመንኛ ውስጥ የጸናው።

ላይፕዚግ_የተማርኩ

ልጆቼ፣ የቃሉን ሥር አሳምራችሁ አወጣችሁት። እኔ ልጅቷ ስላነሳችው የሰው ማዘን ልናገር። በሰማንያዎቹ ላይፕዚግ ተምሬአለሁ፤ ቋንቋውን የያዝኩት ሄርደር ኢንስቲትዩት ነው። ዛሬም የምኖረው ጀርመን ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ያን አገር «ምሥራቅ ጀርመን» ነበር የምንለው። እዚያ ስንደርስ ግን በይፋ «ኦስተን» የሚል የለም። አገሪቱ የጀርመን ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ፣ በአጭሩ ዴዴኤር ናት። ምሥራቅ በርሊን ማለትም አይወደድም፤ «በርሊን፣ የዴዴኤር ዋና ከተማ» ነው ወረቀቱ ላይ። በምዕራቡ በኩል ደግሞ ተቃራኒው ነበር። እዚያ «ኦስትዞነ» (የምሥራቅ ቀጠና) ይሉታል፣ ወይም ዝም ብለው «ድሩብን»፣ ከወዲያ። የምዕራብ ጀርመኑ አሳታሚ የሽፕሪንገር ጋዜጦች ዴዴኤር የሚለውን ስም እስከ 1989 በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብተው ነበር የሚያትሙት፤ እንደ አገር አንቆጥረውም ለማለት። እንግዲህ «ኦስተን» ሌላው ሰው ያወጣላቸው ስም ነበር።

የበርሊን ግድግዳ ሲወድቅ ስሙ ከነሸክሙ ወደ እነሱ መጣ። «ኦሲ» (ምሥራቃዊ) እና «ቬሲ» (ምዕራባዊ) ተባባሉ። በ1991 የጀርመን ቋንቋ ማኅበር የዓመቱ ቃል ብሎ የመረጠው «ቤሰርቬሲ» ነው፤ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ምዕራባዊ ማለት ነው። ፋብሪካው ተዘጋ፣ ሥራው ጠፋ፣ አለቃው ከምዕራብ መጣ። ይህን ያየ ሰው «ኦስተን» ሲባል ካርታ አይታየውም።

ካርታውማ ሌላ ነው የሚለው። ኤርፉርት ኦስተን ትባላለች አይደል? ሙኒክ ግን ከኤርፉርት ይልቅ ወደ ምሥራቅ ናት። ባቫሪያ ውስጥ ያለችው ፓሳው ከበርሊን መሐል ከተማ እንኳ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ትገባለች። ፓሳው ኦስተን ናት የሚል ሰው ግን አልሰማሁም። ከጦርነቱ በፊት የተማሩ ሽማግሌዎች ደግሞ ላይፕዚግን «መካከለኛው ጀርመን» ነበር የሚሉት፤ ለእነሱ ምሥራቅ ሽሌዚያ፣ ፖሜራንያ፣ ምሥራቅ ፕሩስያ ነው። እነዚያ አገሮች በ1945 ከጀርመን ሲወጡ መካከሉ ዳር ሆነ። የላይፕዚግ ሬድዮና ቴሌቪዥን ዛሬም ስሙ «ሚተልዶይቸር ሩንድፉንክ»፣ የመካከለኛው ጀርመን ስርጭት፣ ነው።

በ2010 ሽቱትጋርት የሥራ ክርክር ፍርድ ቤት የቀረበ ጉዳይ ነበር። ምሥራቅ በርሊን የተወለደች ሴት ለሒሳብ ሠራተኛነት አመለከተች። ሳትቀጠር ቀረችና ወረቀቷ ተመለሰላት። የሕይወት ታሪኳ ላይ በእጅ ጽሑፍ «ኦሲ» ተብሎ አጠገቡ የመቀነስ ምልክት ተደርጎበታል። በዘር መድልዎ ከሰሰች። ፍርድ ቤቱ ምሥራቅ ጀርመኖች ብሔረሰብ አይደሉም ብሎ ክሱን አልተቀበለውም። ያቺን የመቀነስ ምልክት ግን እዚህ ብዙ ሰው ያስታውሳታል።

አንድም የእኛ ነገር አለ። በ1977 የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ሲሰቀል ዴዴኤር ምንዛሬ አጠራት። ለሕዝቡ ግማሹ ብቻ ቡና የሆነ ድብልቅ አቀረበች፤ ሰዉ አልወደደውም፣ የአቤቱታ ደብዳቤ ጎረፈ። ያኔ ነው ከኢትዮጵያ ጋር የተዋዋሉት። ቡናችን ወደዚያ ሄደ፣ ከዚያ ደግሞ መሣሪያና የጭነት መኪና መጣ። አረጋውያን ታካሚዎችሽ የዚያን ዘመን ቡና ጠጥተው ይሆናል።

ከሽቱትጋርት

ጋሼ፣ ያሉት ሁሉ እውነት ነው። ግን ወጣቶቹ ይህን ጨርሰው ረስተውታል። እኔ የምሠራው ከላይፕዚግ ልጆች ጋር ነው፤ ማንም ኦሲ፣ ቬሲ አይልም።

ላይፕዚግ_የተማርኩ

ወንድሜ፣ አንተ ያለህበት ምዕራቡ ስለሆነ ላይሰማህ ይችላል። እኔ የማየው ሌላ ነው። ከ1990 በኋላ የተወለዱ ልጆች «እኔ የኦስተን ልጅ ነኝ» ብለው ቲሸርት ላይ ያትማሉ፤ ወላጆቻቸው ያፈሩበትን ስም ልጆቹ መለያ አድርገውታል። ደግሞ ከውህደቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት አምስቱ ክልሎች እስከ ዛሬ «አዲሶቹ ክልሎች» ይባላሉ። መቼ ነው የሚያረጁት? ይህን የሚጠይቁት እነሱ ናቸው፣ እኔም አብሬ እጠይቃለሁ።

ነርሷ_ከድሬስደን

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታካሚው ለምን እንደተቆጡ አሁን ገባኝ። ለእርስዎ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ታዲያ ምን ብዬ ልጥራው?

ለሌሎቻችሁ ደግሞ፦ «ኦስት» እና «ኦስተን» ልዩነታቸው ምንድነው? ኮምፓስ ላይስ ለምን በ«ኦ» ፈንታ የእንግሊዝኛው «ኢ» ይጻፋል?

ላይፕዚግ_የተማርኩ

የክልሉን ስም ጥሪ። ዛክሰን፣ ቱሪንገን፣ ብራንደንቡርግ። ሰውየው ራሱ «ኦስተን» ካለሽ ያን ጊዜ ተከተዪው። ልክ ታካሚሽ እንዳሉት ነው።

የሐምቡርግ_ወደብ

የኮምፓሱን እኔ ልመልስ፤ እንጀራዬ መርከብ ላይ ነው።

«ኦስተን» የዕለት ተዕለቱ ነው። ኢም ኦስተን (በምሥራቅ)፣ ናህ ኦስተን (ወደ ምሥራቅ)፣ ፎም ኦስተን (ከምሥራቅ)። «ኦስት» የመርከበኛና የአየር ትንበያ ቃል ነው፤ «ነፋሱ ከኦስት ነው» ይላሉ። ይህ አጭሩ መልክ የተስፋፋው በሰሜኑ የባሕር ሰዎች አነጋገር ነው። ሌላ ቃል ላይ ሲለጠፍም አጭሩ ነው የሚገባው፤ ኦስትቪንት (የምሥራቅ ነፋስ)፣ ኦስትኩስተ (የምሥራቅ ጠረፍ)። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «ኦስትቪንት» ከምሥራቅ የሚመጣ ነፋስ ነው። «ኦስትኩርስ» ግን ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ጉዞ። ነፋስ በመጣበት ይጠራል፣ መርከብ በሚሄድበት።

የፊደሉ ምክንያት ደኅንነት ነው። ጀርመኑ «ኦ» ሲጽፍ ምሥራቅ ማለቱ ነው። ፈረንሳዩ፣ ስፔኑና ጣሊያኑ «ኦ» ሲጽፉ ግን ምዕራብ ነው፤ ኡዌስት፣ ኦኤስቴ፣ ኦቬስት። አንድ ፊደል ለሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ባሕር ላይ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ጀርመኖቹም በባሕርና በአየር ሁኔታ ሥራ «ኢ»ን ተቀበሉ። የድሮ ኮምፓስ ወይም ለእግር ጉዞ የሚሸጥ ከገዛችሁ «ኦ» ልታገኙበት ትችላላችሁ። የሚገርመው፣ ፈረንሳዮች «ኤስት» የሚሉትን ራሱን የወሰዱት ከጥንት እንግሊዝኛ ነው፤ ያውም ከዚሁ ከንጋቱ ሥር።

ስለ ኦስትዜም፦ ጀርመኖች ባልቲክን የምሥራቅ ባሕር ይሉታል፣ ስዊድንና ዴንማርክም እንዲሁ። ኢስቶንያዎች ግን ያንኑ ውኃ «ሌኔሜሪ» ይሉታል፣ የምዕራብ ባሕር፤ ለእነሱ በምዕራብ ነዋ። ፊንላንዶች ደግሞ ባሕሩ በደቡብና በምዕራብ ሆኖባቸው ሳለ «ኢተሜሪ» ይላሉ፣ የምሥራቅ ባሕር። ከስዊድኖች ቃል በቃል ተርጉመው ወስደውት ነው።

ብራና

የፊንላንዱ ነገር የእኛን አስታወሰኝ። በጥንቱ ግእዝ «ሰሜን» የሚለው ቃል ደቡብን ነበር የሚያመለክተው። የሰሜን ተራሮችን አስቡ። ከአክሱም ሆነህ ስታያቸው በደቡብ ናቸው። የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ላስታ፣ ወደ ሸዋ ሲወርድ ተራሮቹ ከኋላ ቀሩ፣ ቃሉም አብሮ ዞረ። ብራና ላይ «ሰሜን» ሲያጋጥማችሁ ዘመኑን ሳታዩ አትተርጉሙት።

ለደቡብ ደግሞ «አዜብ» አለን። ወንጌል ላይ «ንግሥተ አዜብ» ስትባል የደቡብ ንግሥት ማለት ነው። ቆይቶ አዜብ በደቡብና በምሥራቅ መካከል ላለው ማዕዘን ተወሰነ። እሱም እንደ ላቲኑ አውስተር ቦታ ቀይሯል፤ በግልባጭ።

ቢጫ_ታክሲ

ጉድ ነው! ታዲያ «ኖርደን»ስ፣ የጀርመኖቹ ሰሜን?

ሥርወ_ቃል

ኖርደን አከራካሪ ነው። ብዙዎች የሚቀበሉት፣ ግራ ወይም ታች ከሚል ሥር መጥቷል የሚለውን ነው። ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ ያዞረ ሰው ግራው ሰሜን ነው። አረቦቹም በዚያው መንገድ ሄደዋል፤ «ሺማል» ሰሜንም ግራም ነው፣ «የመን» ደግሞ ከቀኝ ጋር ይያያዛል። በዕብራይስጥ «ቄደም» ፊት ለፊትም ምሥራቅም ነው። «ዙደን» (ደቡብ) ከፀሐይ ጋር ሳይዛመድ አይቀርም። «ቬስተን» (ምዕራብ) የምሽት ነው፤ የላቲኑ «ቬስፐር» ዘመድ። ኖርደንን ለብቻው በሌላ ክር እናንሳው፤ የስካንዲኔቪያ ትረካ ውስጥ ሰማይን በአራት ማዕዘን የተሸከሙት ድንኮች እዚያ ይገባሉ። የአንዱ ስም አውስትሪ ነው፣ የሌላው ኖርድሪ።

ጠገራ_ብር

የኖርደኑን ክር የሚከፍት ሰው እዚህ ማስፈንጠሪያውን ያስቀምጥልን። የብሩን ፎቶ ነገ በቀን ብርሃን አንስቼ እለጥፋለሁ፤ በአምፖል ፊደሉ አይነበብም።